የጋሼ ገብረሕይወት ድሪል

…አዲሱን ድሪል ብገዛው ምን ነበረበት፣ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ዳብሼዋለሁ፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ዋራንቲ አለው፣ ሻጯ ሴትዮ አሁኑኑ ቫንህ ላይ እናስጭንልሃለን ብላኛለች፣ ካርድ መስጠትና መሄድ፣ የማንንም ዓይን ማየት የለ፣ ግን ምሰሶውን ይዤ ስነቀንቀው ተወዛወዘ፣ ብረቱ ስስ ነው፣ እኔ የደረጃ መደገፊያ የምሠራ ሰው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወፍራም ብረት የምበሳ፣ ሶ ይሄ አይሆነኝም አልኩና ወጣሁ፣ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነዳሁ፣ እና አሁን ሌክ ሲቲ ሰፈር፣ የሰው ጋራዥ በር ፊት ለፊት፣ ካፊያው አንገቴ ውስጥ እየገባ።

ውሸት ነው። ስለተወዛወዘ አይደለም የመጣሁት።

ፎቶውን አይቼ ነው። ልጄ ሀሴት ናት ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው፣ ዳድ ሉክ፣ ይሄ ዩዝድ ነው ግን ጉድ ኮንዲሽን ይላል፣ ስልኳን አቀበለችኝ፣ አረንጓዴ ባለ ምሰሶ ድሪል፣ ቁመቱ የሰው ቁመት፣ የድሮ ድፍን ብረት፣ እና በፎቶው ጥግ ማሽኑን ደገፍ ያደረገ ቀኝ እጅ፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ትንሿ ጣት። ዋትስ ሮንግ አለችኝ ሀሴት። ምንም፣ በይ ጻፊለት፣ በራስሽ ስም ጻፊ፣ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ በይው። በልጄ ስም። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ልጁ ስም ውስጥ ገብቶ ይደበቃል።

በሩ ወደ ላይ መጠቅለል ይጀምራል፣ መጀመሪያ ሸበጥ በካልሲ፣ ከዚያ ግራጫ ሹራብ፣ ከዚያ የጋሼ ገብረሕይወት ፊት። ሸብተዋል። በሁለት ዓመት ሰው እንዲህ ይሸብታል እንዴ። እሴይ፣ ይላሉ በስሜ ጠርተው፣ አንተ ነህ፣ እኔ ሀሴት የምትባል ሴት ነበር የምጠብቀው፣ ሀሴት ልጄ ናት ጋሼ፣ እሷ ናት የጻፈችልኝ፣ አሃ ያቺ ትንሿ፣ አድጋ ዕቃ ታገበያያለች በለኛ፣ ግባ፣ ግባ እንጂ ዝናብ አይምታህ። ይስቃሉ። ቀኝ እጄን እዘረጋለሁ፣ እሳቸው ግራቸውን ይሰጡኛል፣ እጃችን አየር ላይ ይተላለፋል፣ ቶሎ ብዬ ግራዬን አወጣለሁ፣ ፊቴ ይግላል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ኮል ያላደረግኩላቸው ሰውዬ ግባ ዝናብ አይምታህ ይሉኛል።

ድሪሉ ጥግ ቆሟል። ከፎቶው ይበልጣል። ይኸው፣ ይላሉ፣ ካንተ አልደብቅም፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አዲስ ነው፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ የሚያዞረው ቺንጋም እንዳለ ነው፣ ያዘው፣ ወዝውዘው። እይዘዋለሁ። ንቅንቅ አይልም። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ዘይት ዘይት ይሸታል፣ እንደ ወርክሾፓችን።

ወርክሾፓችን። ጆርጅታውን፣ ባቡር ሲያልፍ ጣሪያው የሚንቀጠቀጥ ቤት፣ አብረን ነው የከፈትነው፣ እሳቸው ኤቨረት ፋብሪካ ውስጥ የአውሮፕላን ክፍል ሲበሱ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረው፣ እኔ ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ የሆቴል ሻንጣ ስገፋ ኖሬ፣ ብረት መያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ልኬቱና ሥራው የሳቸው ነበር፣ ደንበኛና ማሽን መጠበቅ የኔ። ማሽን መጠበቅ የኔ። ድሪላችን ላይ ለክፉ ቀን የተቀመጠች ቀይ ቁልፍ ነበረች፣ አንድ ነገር ቢይዝህ በጡጫ የምትመታት፣ ማሽኑን ቀጥ የምታደርግ፣ አንድ ቀን ሳጸዳ ነካኋት፣ ማሽኑ ዝም ብሎ ዞረ፣ ደግሜ ተጫንኩ፣ ዞረ። ነገ እቀይራታለሁ አልኩ። ሥራ በዝቶ ነበር፣ ነገ አልኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ፣ ለጋሼም አልነገርኳቸውም፣ ለምን አልነገርኳቸውም፣ ቆጣ ስለሚሉ፣ እስካሁን አልቀየርክም እንዴ ስለሚሉ፣ በቃ፣ ለዚህ ብቻ፣ ለአንድ ቁጣ።

የሚሸጡት ለምንድን ነው፣ እላለሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

እ፣ ይሄማ፣ ይላሉ፣ ከሆስፒታል ከወጣሁ ስድስት ወር ቆይቼ የገዛሁት ነው፣ እዚሁ ጋራዥ ትንሽ ትንሽ እሠራለሁ ብዬ፣ በሦስት ጣት ይሠራል እኮ፣ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል፣ ግን አስነሳዋለሁና እጄን ማስጠጋት ያቅተኛል፣ ማሽኑን አይደለም የምፈራው እሴይ፣ ራሴን ነው፣ ያን ቀን ያቺን ቀይዋን በግራዬ የመታኋት ነበር የመሰለኝ፣ ሦስቴ አራቴ የመታኋት ነበር የመሰለኝ፣ ለካ ደንግጬ ሌላ ቦታ ነው የምደበድበው፣ የኢንሹራንሱ ሰውዬ መጥቶ ሲፈትሽ ቁልፏ ትሠራለች አለ አይደል፣ ሶ መኪናም መንዳት ተውኩ፣ ብደነግጥ እጄ የት እንደሚሄድ አላውቅማ፣ ሚስቴ አገሬ ናት የምታመላልሰኝ፣ እንግዲህ እርጅና ነው።

እንግዲህ እርጅና ነው ይላሉ። ስድሳ አልሞላቸውም።

መኪና ተዉ። ይህን አላውቅም ነበር። ጣታቸውን አውቃለሁ፣ ጣቶቹን በየቀኑ አውቃቸዋለሁ፣ ብረት በያዝኩ ቁጥር፣ ግን መኪና መተዋቸውን፣ ግራ እጃቸውን መጠርጠራቸውን፣ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ማን ይነግረኛል፣ ሰንበት ስለማገኛቸው ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ፣ ሱቅ ውስጥ ባለቤታቸውን ሳይ በሌላ በር ወጣሁ።

አይቻለሁ እኮ። ያ ማክሰኞ፣ ብርድ ነበር፣ ጓንት አድርገው ነበር፣ የሚዞር ነገር አጠገብ ጓንት አይደረግም፣ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ረስተው ይሁን በርዷቸው፣ የሚበሳው ፑንታ ብረቱን በስቶ ሲወጣ የጓንቱን ጫፍ ያዘና ጠቀለለው፣ እኔ ወዲያ ማዶ ነበርኩ፣ ድምፃቸውን ሰምቼ ቀና ስል ግራ እጃቸው ቀይዋን ይመታል፣ ልክ መሀሏን፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አልሳቱም፣ አንዴም አልሳቱም፣ እኔ ሮጬ ገመዱን ከግድግዳ እስክነቅል ያለቀው አለቀ። ጓንቱ የሳቸው ጥፋት ነው፣ እሺ፣ ግን ቁልፏ ብትሠራ ምናልባት ቆዳ፣ ምናልባት አንድ ጥፍር። በማግስቱ ጠዋት የሕንፃው ኢንሹራንስ የሚልከው ሰውዬ ከመድረሱ በፊት አዲስ ቁልፍ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ሁለት ብሎን ነው፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ፣ ሰውዬው መጣ፣ ተጫነ፣ ማሽኑ ቆመ፣ ጻፈ። የተጎጂው ጥንቃቄ ማነስ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

እና ሆስፒታሉ። ሆስፒታሉን አላስበውም። እጃቸው እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ እሴይ ይቅርታ አድርግልኝ አሉኝ፣ ሥራውን አሰናከልኩብህ፣ ስምህን አስጠፋሁ፣ ድርሻዬን አንተ ያዘው፣ እኔ ከእንግዲህ ሸክም ነው የምሆንብህ። እኔም ምን አልኩ፣ ግድ የለም ጋሼ። ግድ የለም ጋሼ አልኩ። ይቅር አልኳቸው።

ላስነሳልህ፣ ይላሉ አሁን፣ ድምፁን ስማው፣ ያስነሱታል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እንደ ፍሪጅ፣ እሳቸው አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላሉ፣ ሳያውቁት፣ ሁለቱንም እጆቻቸውን ብብታቸው ስር ይደብቃሉ፣ አሮጌውን ብገዛቸው ይጠቅማቸዋል፣ ያሉትን ዋጋ እከፍላለሁ፣ እንዲያውም ጨምሬ፣ ለዚህ ነበር የመጣኸው አይደል እሴይ፣ ጨምረህ ከፍለህ ቀለል ብሎህ ልትሄድ፣ ወይም አዲሱን፣ አዲሱን ግዛና ሁለተኛ እዚህ ሰፈር አትድረስ፣ ቫኑ እዚያው ነው፣ ሱቁ እስከ ስድስት ክፍት ነው፣ አይሆነኝም ጋሼ በልና ውጣ፣ አይሆነኝም በል፣ በል።

ጋሼ፣ አልሳቷትም።

ምን አልክ፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ያጠፉታል። ምን አልክ።

ቀይዋን። አልሳቷትም። ደጋግመው መትተዋታል፣ አይቻለሁ፣ አትሠራም ነበር።

 ቺንጋው ቀስ እያለ ይቆማል። ጣሪያው ላይ ዝናቡ። ሰውዬው ሠራች ብሏል እኮ፣ ይላሉ፣ ሊያስረዱኝ እንደሚፈልጉ፣ እኔ የተሳሳትኩ ይመስል፣ በማግስቱ ጠዋት ቀይሬያት ነበር ጋሼ፣ እሱ ሳይመጣ፣ ከመቼ ጀምራ ነው የተበላሸችው፣ ከሦስት ሳምንት፣ ታውቅ ነበር፣ አውቅ ነበር። መሬቱን አያለሁ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ይመቱኛል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አይመቱኝም፣ ቀና ስል የተጎዳውን እጃቸውን አይደለም የሚያዩት፣ ግራቸውን ነው፣ ደህነኛውን፣ ይዘረጉታል፣ ይጨብጡታል፣ ይዘረጉታል። አልሳትኩማ፣ ይላሉ። ለኔ አይደለም የሚሉት። ለእጃቸው ነው።

ይቅርታ ልላቸው አፌን እከፍታለሁ፣ በዚያች ቃል ሆስፒታል ውስጥ እሳቸው ቀድመውኛል፣ አፌ ውስጥ ትጠነዛለች።

ለኔ አይደለም፣ ይላሉ፣ ላይ ወጥተህ ለአገሬ ንገራት።

በውስጠኛው ደረጃ ከኋላቸው እወጣለሁ፣ አሥር ደረጃ፣ መደገፊያው የእንጨት ነው፣ ይነቃነቃል፣ ይሄን ጊዜ እንኳ ብሎኑን ማጥበቅ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ። እትዬ አገሬ ካፖርት ለብሳለች፣ የመኪና ቁልፍ በእጇ፣ ዕቃው ተሸጦ ሲያልቅ ሊወጡ ነበር መሰለኝ፣ ታየኛለች፣ እሴይ፣ ምነው ጠፋህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ቁጭ በል እንጂ። የሚነግርሽ አለው፣ ይላሉ ጋሼ። ቆሜ እነግራታለሁ። ታች ያልኩትን እንዳለ፣ ቁልፏን፣ ሦስት ሳምንቱን፣ ጠዋቱን፣ ሰውዬውን፣ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል፣ ቢሮ ውስጥ ፎርም የሚያነብ ሰው፣ ምክንያት ልጨምር እልና ምክንያቱ ሲወጣ ስለማፍር እተወዋለሁ።

ጨርሻለሁ። አትጮህም። ወደ እኔም አትዞርም። ወደ ባሏ ነው የምትዞረው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትላለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝርክርክ ስልህ፣ ሰው ፊት ሳይቀር፣ አርጅተሃል ስልህ፣ አንድ ቀን እንኳ አይደለም አትለኝም።

እውነት መስሎኝ ነዋ፣ ይላሉ።

ካፖርቷን እንደለበሰች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አጠገቧ ይቀመጣሉ። እኔ የለሁም። በር አጠገብ የቆመ ኮት መስቀያ ነኝ፣ መሄድ ይገባኛል፣ ግን ሂድ ሳይሉኝ መሄድም ሌላ ሽሽት ይመስለኛል፣ እና እቆማለሁ። ማሽኑን አልሸጥልህም፣ ይላሉ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ፣ ተቀይሜህ አይደለም፣ መቀየሙን ቆይቼ አስብበታለሁ፣ እኔ ራሴ እፈልገዋለሁ፣ አንተ ሂድና አዲሱን ግዛ። እሺ ጋሼ። ለኢንሹራንሱም ሰውዬ ደውለህ እንዲህ እንደነገርከን ንገረው፣ እሺ ጋሼ፣ ሰኞ፣ ሰኞ ጋሼ። እትዬ አገሬ አሁንም አታየኝም፣ አይደለም ይቅርታ፣ ደህና ዋል እንኳ ከሷ አልጠብቅም።

ቫኑ ውስጥ ነኝ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አይልም፣ እንዲያውም ቀድሞ በራሴ የማፍረው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አሁን ከኔ ጋር ሦስት ሰው ያውቀኛል፣ ማታ ደግሞ ለሀሴት እነግራታለሁ፣ አራት፣ ስሟን ለምን እንደተዋስኩ። ወደኋላ መውጣት አለብኝ፣ መውጫው ጠባብ ነው፣ አጥሩ ረዥም፣ መንገዱ አይታይም፣ መስተዋቱ በዝናብ ደፍርሷል፣ እንደምንም ማርሹን አስገባለሁ፣ ጋሼ በሸበጣቸው ወጥተው መንገዱ ዳር ቆመዋል፣ ለምን ወጡ፣ ግራና ቀኝ ያያሉ፣ ግራ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ና፣ ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ና፣ መኪና ሲመጣ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ አቆማለሁ፣ መኪናው ያልፋል፣ ና፣ ይላሉ፣ እኔም በመስተዋቱ ያንን እጅ ብቻ እያየሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ወደኋላ እሄዳለሁ…