የዶክተሩ ኳስ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው

ዶክተር ፋርኳር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጎልፍ ኳስ ወደ ባሕር ሲመታ ኖሯል። ፈልጎ አይደለም። እንደ ማንኛችንም ሜዳው መሃል ሊያሳርፍ ነው የሚነሳው፤ ኳሱ ግን ትንሽ ቀጥ ብሎ ይሄድና እንደ ሰካራም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የጎልፍ ሰዎች ስላይስ ይሉታል። እኛ የክሬግሞር ከተማ ሰዎች ግን "የዶክተሩ መንገድ" ነበር የምንለው። የሜዳችን መጀመሪያ በቀኙ ባሕር ነው፣ በግራው የከተማው ግንብ። ስለዚህ እሱ ሊመታ ሲል ሰው ሁሉ፣ ውሻ ሳይቀር፣ ወደ ግንቡ ጠጋ ይላል።

እኔ ሎርን እባላለሁ፤ የክለቡ የጎልፍ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ዳጋል ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ስልሳ ዓመት የሰው ዱላ የተሸከመ ሰው ነው። ኳስ ስትመታ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የት እንደምታርፍ ይነግርሃል። ስለ ብዙ ሰው የኳስ አመታት ጥሩ ቃል ሲወጣው ሰምቻለሁ፤ ስለ እኔ ማስተማር ግን አንድም ቀን። "አንተ ጋ የመጣ ሰው የሚማረው ሰበብ ብቻ ነው" ይለኛል፣ ያውም ሰው ፊት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ይሄ ነገር ግን እንደ ልጅ ያንገበግበኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ዶክተሩ የጎልፍ ዕቃ ወደምሸጥበት ሱቄ መጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። ለመጪው ዓመት የክለቡ ካፒቴን ሆኖ ተመርጧል። በእኛ ዘንድ ካፒቴን የሚኮነው በምርጫ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከተማው ሁሉ እያየ አንድ ኳስ መምታት አለበት። አሮጌዎቹ ዱላ ተሸካሚዎች ሜዳው ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ፤ ኳሷን አንስቶ የመለሰ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይሸለማል። የሚቆሙበት ቦታ ራሱ ንግግር ነው። የሚያከብሩትን ሰው ርቀው፣ የሚንቁትን ቀርበው ይጠብቁታል።

"የካፒቴንነቴን ኳስ ለዓሣ አልሰጥም" አለኝ። "ታድነኛለህ አታድነኝም?"

"ዶክተሩ እርስዎ ነዎት" አልኩት።

አልሳቀም። "አንድ ነገር ብቻ። ማንም እንዳያውቅ። ይህን ሁሉ ዓመት ስቀውብኛል፤ በዚያች ቀን አፋቸውን ሲይዙ ማየት እፈልጋለሁ።"

"አባቴም?"

"በተለይ አባትህ። ዳጋል አወቀ ማለት ከተማው አወቀ ማለት ነው።"

ቃሌን ሰጠሁት። ለእሱ ክብር ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። ኳሷ ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ አባቴ ዞር ብሎ "ማን ነው ይሄን ሰውዬ ያስተካከለው?" ሲል ታየኝ። ከዚያም እኔ መሆኔን ከተማው ፊት ሲሰማ። ልብ ልብ አለኝ።

ብርዱን ወራት ሁሉ ወደቡ ጋ ያለ አሮጌ የመረብ መጋዘን ውስጥ ተደበቅን። ገና ሳይነጋ እንገባለን፤ የዓሣ መረብ እንሰቅልና ወደዚያ ይመታል። የግራ እጁን በዱላው ላይ ወደ ውስጥ አዞርኩለት። እጁ ሞኝና ወረቀት ሆኖ የያዘውን አልለቅ አለ፤ ቆዳው ተልጦ ደማ፣ በጨርቅ ጠምጥሞ ቀጠለ። ደግሞም ኳሱ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ፣ ለማካካስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሩን ወደ ግንቡ አዙሮ ነበር የሚቆመው። እሱንም አቃናሁ። የካቲት ሲያልቅ የኳሱ ድምፅ ተለወጠ። ደስ አለኝ። መረብ ግን ኳስ ከተመታ በኋላ ወዴት እንደሚታጠፍ አይነግርህም፤ ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ የከተማውን መስኮቶች በሸፈነልን ሰዓት፣ ሜዳው ላይ ወጣን። አሥር ኳስ መታ። ሰባቱ እንደ ክር ቀጥ አሉ። ሦስቱ ግን ወደ ግራ ታጥፈው፣ ዝቅ ብለው፣ በኃይል ግንቡን መቱት። ድንጋዩ ሲጮህ ሰማሁት። ሦስቱንም ጊዜ ጫማውን አይቻለሁ፤ እጁ አዲስ ሆኖ እግሩ ወደ ድሮው ተመልሷል።

"ሦስቱን አይተዋቸዋል?" አልኩት።

"ሰባቱን አይቻለሁ።"

"ዶክተር፣ በዚያች ቀን ሰው የሚቆመው ግንቡ ጋ ነው። ራቅ እንዲሉ እንንገራቸው።"

"ምን ብለን?" ጓንቱን በቀስታ አወለቀ። "የፋርኳር ኳስ ወደ ባሕር መሄድ ትቷል ብለን? ቃልህን ሰጥተኸኛል፣ ሎርን።"

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም ማለት እችላለሁ። ግን ቆጠርኩ እንጂ አልተናገርኩም፤ ሰባት ለሦስት፣ ሰባት ለሦስት። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲያሰላ ሒሳቡ ሁሉ ወደ እሱ ያደላል።

ቅዳሜው ደረሰ። አባቴ የአጃ ገንፎውን ቆሞ ይበላል፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዳሌው ተጎድቷል፣ ቢሆንም የአንድም ካፒቴን ምት አምልጦት አያውቅም።

"አባዬ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ከመምቻው ቦታ ኋላ ቁም።"

"ለምን? አርጅተሃል ልትለኝ ነው?"

"ዳሌህን ብዬ ነው እንጂ።"

"ውስኪ ለመሸከም ይበቃል። ደግሞ የፋርኳር ኳስ እኮ ነው። ግንቡ ጋ ከቆምኩ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ደህና ነኝ።" በመስኮት አየና ሳቀ። "ነፋሱም ከባሕር ነው። ዛሬስ ምስኪኑ አሸዋው ላይ ያሳርፋት ይሆናል።"

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "አስተካክዬዋለሁ፣ ወደ ግራ ሊሄድ ይችላል" ማለት ብቻ። ግን ያን ብል ከሰዓታት በኋላ የሚጠይቀኝን ጥያቄ አይጠይቀኝም። ገንፎዬን ዋጥኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ።

ከተማው ሁሉ ወጥቷል። ሕዝቡ በግንቡ ጥግ ተደርድሯል፤ አሮጌዎቹ ሜዳው ላይ፣ ከመምቻው መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀው። አባቴ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ግንቡ ጠጋ ብሎ ቆሟል።

"ዶክተር፣ ዓሣዎቹ ቁርሳቸውን ካልበላን ብለዋል" ብሎ ጮኸ ሩሪ፣ የአባቴ የድሮ ባልደረባ። ሰው ሳቀ። ዶክተሩም ፈገግ አለ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ከኋላው ቆሜ አየሁት። እጁ ልክ ነው። ዱላውን ያስተማርኩት ዓይነት ይዞታል። ከዚያ እግሩን አየሁ። ሕዝቡ አስጨንቆታል መሰለኝ፣ በዚያች ደቂቃ የቀኝ እግሩ ወደፊት ሸርተት አለ፣ ትከሻውም ተከተለ። እንደ ድሮው፣ ፊት ለፊት ወደ ግንቡ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ። በእኛ ሜዳ ሰው ኳስ ሊመታ ከቆመ ማንም አይናገርም። ሳል ያመለጠውን እንግዳ እኔ ራሴ አስወጥቼ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

በሕይወቱ እንደዚያ መትቶ አያውቅም። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ኳሷ ወደ ግንቡ አቅጣጫ ተነሳች፣ ነፋሱም ገፋት፣ ከዚያ ይባስ ብላ ወደ ግራ ታጠፈች።

"ፎር" ብዬ ጮህኩ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ። ተጠንቀቁ ማለት ነው፤ ጎልፍ የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ክሬግሞር ውስጥ ግን በዶክተር ፋርኳር ኳስ ላይ ይህ ጩኸት ሲሰማ ሰው ቆሞ አያይም። ወደ ግንቡ ይሸሻል። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ አድርጓል። ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ባንድ ላይ ሸሹ። አባቴም በዚያ በተጎዳ ዳሌው ሦስት ፈጣን እርምጃ ሄደ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ኳሷን ሰማይ ላይ እየፈለገ። ባለበት ቢቆም ኖሮ በአጠገቡ ታልፍ ነበር። የተሰማው ድምፅ ግንብ ሲመታ እንደሚሰማው ዓይነት አልነበረም።

ኳሷ የመታችውን የቀኝ ዓይኑን ሆስፒታል ውስጥ አወጡለት። ከተማው "ነፋሱ ነው" አለ። ሩሪ "ባልሸሸ ኖሮ" እያለ ያለቅሳል። ዶክተሩ አንድ ቀን ሆስፒታሉ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆሞ አባቴን አየውና ሲወጣ ክንዴን ያዘኝ።

"ለማንም አልነገርክም?"

"አልነገርኩም።"

"ጥሩ" አለና ሄደ። እሱን ለመጥላት ሞከርኩ፤ ራሴን ሳልጠላ አልሆነልኝም።

በአራተኛው ቀን አባቴ ትራሱን እንዳስተካክልለት ጠየቀኝና ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ።

"ያች ኳስ በስህተት የመጣች አይደለችም። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። እጁን ሰው ለውጦለታል።"

የተስተካከለውን ትራስ እንደገና አስተካከልኩ።

"ሠላሳ ዓመት የደረቀ እጅ እኮ ነው። እኔ ራሴ ሞክሬ ያቃተኝ። የሠራው ሰው ጎበዝ ነው።" በቀረችው ዓይኑ ፈለገኝ። "ማን ነው?"

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው።

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

"ጥሩ ሠርተሃል" አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ ሳይቆጣ፣ ነገሩ እንዳልገባው ሰው ጠየቀኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? በባሕሩ በኩል እቆም ነበር።"