ለወደፊት የሚታሰብ

ሰው በራሱ ቢለወጥ ትርፉ የማን ነው? የሚያውቅ ካለ ይናገር፤ እኛ እስካሁን መልሱን አላገኘነውም። የምናውቀው ኦረስት ፒድሉብኒ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው።

ኦረስት የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነበር። ትልቁን ሊግ በቴሌቪዥን ካልሆነ አያውቀውም። የእሱ ዓለም ካናዳ ያለው የሳስካችዋን ሜዳማ አገር ነው፤ ከሰው የእህል ጎተራ የሚበዛባቸው ትንንሽ ከተሞች፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ የሆኪ አዳራሾችና ማሞቂያው አንድ ቀን የሚሠራ፣ አንድ ቀን የሚያኮርፍ አውቶቡስ። ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ወደ ፊት ሮጦ ጎል ማግባት አያምረውም። ሥራው ከራሱ በረኛ ፊት ቆሞ የምትመጣውን ጥቁር ጎማ በጭኑ፣ በደረቱ፣ ሲብስም በጥርሱ መመለስ ነው። በሆኪ ሰዎች ቋንቋ እንዲህ ያለው ተከላካይ «ቤት የማይለቅ» ይባላል።

ሚስቱ ኮሌት ይህን በሰማች ቁጥር ሳቋ ያመልጣታል። «ቤት የማይለቅ! ከተጋባን ወዲህ ስንት ቤት እንደለቀቅን እንኳ ጠፍቶኛል።»

እውነቷን ነው። ክለቦቹ እንደ ተውሶ መጥረቢያ ይቀባበሉት ነበር። አንዱ በአጥቂ ለወጠው፤ ሌላው በበረዶ ጫማ መሞረጃ ማሽን ሰጠው። ማሽኑ በሳምንቱ ተበላሸና የተቀበለው ክለብ «ተታለልን» ብሎ ስሞታ አቀረበ። ኦረስት ግን ከማሽን እንደሚሻል በይፋ ስለተረጋገጠለት ያን ዓመት አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የተጫወተው።

አዲሱ ክለቡ ወዳለበት ኬልሶ ክሪክ ከተማ የገቡ ሰሞን ኮሌት ጓሮው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተከለች። እዚያ አገር ነጭ ሽንኩርት ከውርጩ በፊት ተተክሎ ሙቀቱ ሲመጣ ነው የሚነቀለው። አፈሩን ከእጇ እያራገፈች፣

«ስማ ኦረስት» አለችው፤ «ይሄን ነቅዬ ሳልበላ ንቅንቅ አልልም። ከእንግዲህ ቢለውጡህ ብቻህን ሂድ።»

«ማን ይለውጠኛል? አርጅቻለሁ እኮ። ማንም አይፈልገኝም።»

«እሱ አይደል የሚያስፈራኝ! ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የማይፈለግ ዕቃ ነው።»

የፈራችው ደረሰ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቨርን ታከር አንድ ጠዋት ከመቀመጫዎቹ ሥር ወዳለችው ቢሮው አስጠራው።

«ኦረስት፣ ተቀመጥ።»

ኦረስት ነገሩ ወዲያው ገባው። በሆኪ ቤት የሰው ስም ተቆርጦ ጅራት ይበጅለታል፤ እሱም ለሁሉም «ፒዲ» ነው። ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ወይ ሲሞት ወይ ሲለወጥ ነው።

«በማን ነው አለቃ?»

«ፎርት ባሌዎች ናቸው። ተከላካያቸው እግሩን ተሰብሮባቸው...»

«በማን ነው ያልኩት?»

«በማንም አይደለም። ለወደፊት በሚታሰብ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ገና አልታሰበማ! ታስቦ ቢሆን እነግርህ ነበር።»

በዚያ ሊግ ይህ የተለመደ ውል ነው። የሚሰጡት ሲያጡ «ለወደፊት የሚታሰብ» ብለው ይፈራረማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ማንም ተመልሶ አያስበውም።

«ማሽን እንኳ አይሰጡም?» አለ ኦረስት።

«ማሽን አለን» አለ ቨርን።

ኮሌት ወሬውን ስትሰማ ፒሮጊ ለሚሉት በሊጥ የሚጠቀለል ምግብ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

«ሂድ።»

«አንቺስ?»

«ነጭ ሽንኩርቴን እጠብቃለሁ።»

«በረዶ ሥር ያለውን ማን ይሰርቅብሻል?»

«አንተንስ ማን ይወስድሃል ብለን አልነበር?»

ብቻውን ሄደ። ፎርት ባሌ ውስጥ የአንዲት ባልቴት ምድር ቤት ተከራየ። ማታ ማታ ሲደውልላት «በላህ?» ትለዋለች፤ «በላሁ» ይላል፤ «ደህና እደር» ብላ ትዘጋለች። ጎማ በጥርስ መመለስ የለመደ ሰው ይህን መመለሻ አጣለት።

ብዙም ሳይቆይ ኬልሶ ክሪኮችም በተራቸው ተከላካይ ተጎዳባቸው። ቨርን የማይታሰበውን አሰበ፤ ለፎርት ባሌው ሥራ አስኪያጅ ለኢስትጋርድ ደወለ።

«ያ ለወደፊት የሚታሰበው ነገር፣ አሰባችሁት?»

ኢስትጋርድ ጭራሽ ረስቶታል። ስልኩን እንደያዘ የመልበሻ ክፍሉን በር ገፋ አድርጎ ማን ቢሄድ እንደማይጎዳው ቃኘ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ጉልበቱን በፋሻ ይጠቀልላል።

«ተከላካይ ልስጥህ? ሸምገል ብሏል፤ ግን ቤቱን አይለቅም።»

«እንዲህ ያለውን ነው የፈለግሁት፤ ላከው!»

ሁለቱም ስም አላነሡም።

«ኦረስት፣ እስቲ ና» አለ ኢስትጋርድ።

«በማን ነው አለቃ?»

«አሁንስ ክፍያው ራስህ ነህ። የአንድ ተከላካይ ዕዳ ነበረብን።»

«የየትኛው ተከላካይ?»

ኢስትጋርድ ውሉን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«የአንተ።»

«እኔን በእኔ ለወጣችሁኝ?»

«ሕጉ አይከለክልም መሰለኝ።»

«ታዲያ ማን አተረፈ?»

«እኛ ጥቂት ጊዜ ተጫወትክልን። እነሱም ያው... አንተን አገኙ።»

«መጀመሪያም የእነሱ አልነበርኩም እንዴ!»

«እሱን ቨርንን ጠይቀው።»

ኦረስት ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። በዕድሜው ልውውጥ ወደ ቤቱ ሲወስደው የመጀመሪያው ነው። ፊቷን ሊያይ ጓጉቶ ለኮሌት ሳይነግራት አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱን ካጋመሱ በኋላ፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽ የታሰረበት ፒክአፕ በበረዶው ጭጋግ ውስጥ በተቃራኒው ሽው ብሎ አለፈ።

«ምስኪን!» አለ ለሹፌሩ፤ «ይሄንንም ለውጠውታል።»

ኬልሶ ክሪክ ደርሶ በሩን ቢያንኳኳ የሚከፍት የለም። በመስኮት አጮለቀ። ቤቱ ባዶ ነው፤ መጋረጃ እንኳ የለም። ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለች ኮሌት።

«ቤት።»

«እኔም ቤት ነኝ፤ አንተ ነህ የሌለኸው! ባልቴቷ ምድር ቤት አልጋህን የወረሰ አንድ ጥርሰ ወላቃ በረኛ ተጋድሞ "ፒዲ በፒዲ ተለውጧል" ይለኛል። ሰክሯል?»

«አልሰከረም። ነጭ ሽንኩርትሽስ?»

«ብቻዬን ልበላው ነው? ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቤ፣ ዕቃዬን ጭኜ መጣሁልህ እንጂ!»

«ሳትነግሪኝ?»

«ላስደንቅህ ነዋ። አንተስ?»

«እኔም።»

ሁለቱም በየስልካቸው እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ኦረስት፣

«በይ ተመለሺ» አላት።

«አልመለስም።»

«ኮሌት...»

«አልነቃነቅም ብዬ ምዬ ነበር። ለአንተ ስል መሐላዬን አንዴ አፍርሻለሁ፤ ሁለተኛ አላፈርስም። ፍራሹን እዚሁ አወርደዋለሁ። አንተ ና።»

«ውል አለብኝ። ጥዬ ብመጣ የትም እንዳልጫወት ያግዱኛል።»

«ይለውጡህ እንግዲህ። ሲለውጡህ አስቸግረህ አታውቅም እኮ።»

ዘጋችው። ሻንጣውን እየጎተተ ቨርን ዘንድ ሄደ።

«አለቃ፣ ለውጠኝ።»

«አብደሃል? ገና አሁን አገኘንህ!»

«ሚስቴ ፎርት ባሌ ናት።»

ቨርን አገጩን አሻሸ። «እኔ ለምኜ አልሰጥህም፤ ዋጋህ ይወርዳል። እነሱ ይጠይቁ። ከጠየቁ እለቅሃለሁ።»

ኦረስት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ለኢስትጋርድ ጻፈ። «አለቃ፣ ፒዲ ነኝ። ፒዲን ስጠኝ ብለህ ቨርንን ጠይቀው፣ እሺ ብሏል። በምንም ይሁን፣ ለወደፊት በሚታሰብም ይሁን። ማሰቡ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጥሩኝ።» ላከው።

ስልኩ መልእክቱ መነበቡን አሳየው። ከኢስትጋርድ ግን ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልመጣም።