ዞሮ የቆመው አንበሳ

በሰማንያ ሰባት ዓ.ም.፣ በጥቅምት ወር፣ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነበር። የመንደሩ ልጅ ደምሰው የጋሽ ምትኩን ፔጆ መኪና አጥቦ ሲያበቃ ከፊቷ ያለውን የአንበሳ ምልክት በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ወለወለው። አርጅቶ ኖሮ ቀጭ ብሎ እጁ ላይ ተሰባበረ። ያየው ሰው አልነበረም። ስብርባሪውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው።

"ሰበርኩት፣ ይቅርታ ጋሼ" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ደምሰው ግን ሰላምታ እንኳ አንገቱን ደፍቶ የሚሰጥ ዓይን አፋር ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ አደረ።

በማግሥቱ ጋሽ ምትኩ መንደሩን በጩኸት ቀሰቀሱት። ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ነድተው በስተርጅና የገዟት ፔጆ ናት።

"አንበሳዬን ነቅለው ወሰዱት! ደምሰው፣ ትናንት ስታጥባት ቦታው ላይ ነበር አይደል?"

ደምሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ይናገር?

"በንቲ! ታዲያ አንተ ምን ስትጠብቅ ነው የምታድረው?"

የመንደሩ ዘበኛ ጋሽ በንቲ "እግዜር ያውቃል፣ አላየሁም" ቢሉ ማን ይስማቸው? ነገሩ ከረረና እሑድ መካኒሳ አቦ ሄደው እንዲምሉ ተፈረደባቸው። የሽማግሌው ፊት ዐመድ መሰለ። በእውነት መማልም ቢሆን ለእሳቸው ውርደት ነው፤ በስድሳ ዓመታቸው ለመሐላ የታቦት ስም ጠርተው አያውቁም።

ደምሰው ይህን ሁሉ ሰማ። ከመናገር ይልቅ ሌላ ነገር ታየው፤ አንበሳው ከእሑድ በፊት ቦታው ቢመለስ መሐላው ይቀር የለም?

ዓርብ ላፍቶ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ አንዲት የቆመች ፔጆ አገኘና አንበሳዋን ወረቀት ላይ በእርሳስ ነደፈ። እናቱ እትዬ ትሩፋት ገበያ በወጡበት ያሮጌ ድስታቸውን ክዳን በመቀስ ቆረጠ። ንድፉን ከክዳኑ ጀርባ ለጥፎ፣ ቅርጹ በፊት በኩል አብጦ እንዲወጣ መስመሩን በሚስማርና በመዶሻ ቀጠቀጠው። ጣቱን ቆረጠው፤ በጨርቅ ጠምጥሞ ቀጠለ። በዐመድ ፈትጎ አበራው። አንበሳ መምሰሉን እንጂ ወዴት እንደሚያይ ልብ አላለም። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ጋሽ በንቲ ፊታቸውን ሊታጠቡ ዞር ባሉበት፣ በሙጫ ለጠፈው።

ረፋዱ ላይ ሰው ፔጆዋን ከቧታል።

"ኧረ ጉድ ነው! የኔ አንበሳ ወደ ግራ ነበር የሚያየው፤ ይሄ ወደ ቀኝ ዞሯል!" አሉ ጋሽ ምትኩ።

"ሌባ ቤት ሰንብቶ አኩርፎዎት ይሆናላ!" አለች ባለሱቋ ገዲሴ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ምትኩ አልሳቁም። "ገባኝ። በንቲ፣ ነገ መማሉን ስትፈራ አሠርተህ ለጠፍክልኝ፣ አይደል?"

ሳቁ ቆመ። ጋሽ በንቲ ዱላቸውን ተደግፈው መሬት መሬት አዩ።

ደምሰው ከሰው ጀርባ ቆሞ ይሰማል። ያድናቸዋል ያለው ሥራ ይባስ አስያዛቸው። ያን ጊዜ እናቱ ጠጋ ብለው አንበሳው ደረት ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣታቸው ነኩ። የክዳኑ እጀታ የነበረባት ቀዳዳ ናት። ዞረው የልጃቸውን የተጠመጠመ ጣት አዩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"እኔ ነኝ" አለ ደምሰው። የሰማው የለም። "እኔ ነኝ ጋሼ! የሰበርኩትም፣ ይሄን የሠራሁትም እኔ ነኝ!"

ጋሽ ምትኩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "በንቲ፣ በድዬሃለሁ" አሉ።

ጋሽ በንቲ ግን የሚያዩት ደምሰውን ነበር።

"ትናንት ማታ ሻይ ይዘህልኝ መጣህ" አሉት በዝግታ። "አዝነህልኝ መስሎኝ መረቅሁህ እኮ፣ ልጄ።"

ደምሰው ጉልበታቸውን ሊስም ቢያጎነብስ እግራቸውን ሰበሰቡ። ዱላቸውን አንሥተው ወደ ዘብ ቤታቸው አዘገሙ። ምርቃቴን መልስልኝ አላሉትም። ቢሉት ይሻለው ነበር።