የመነኩሴው ስም በድንጋዩ ላይ

ቀዝቃዛው ውሃ አናቱ ላይ ሲወርድበት ሽማግሌው ሉ ቻንገን ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

«በሞትኩት! ጋሼ ሉ፣ አትሰማኝም እንዴ?» ጎረቤቱ ጉይኋ ባዶውን ባልዲ ይዛ ትጮሃለች። ወደ ማሳዋ ስትሄድ ከኮኩ ዛፍ ሥር ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ትልቅ እንስራ እንዳቀፈ ሰው እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ አይታው ነበር። ስትመለስም እዚያው ነው። ደርቆ የቀረ መሰላት።

«ቺጎንግ እየሠራሁ ነው እኮ፤ የትንፋሽ ልምምድ» አለ እጆቹን ሳያወርድ፣ ውሃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ።

«ታዲያ የሚሠራ ሰው አይንቀሳቀስም?»

ሉ በዚያን ቀን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከከተማ የሚመጡት ዳኞች መንደሩ ታይ ቺ የሚባለው የቡጢ ጥበብ መነሻ መሆኑን ካመኑ መግቢያው ላይ ድንጋይ ይተከላል፤ የሚፈልገው ድንጋዩ ላይ የአስተማሪው የመነኩሴ ቺንግሹ ስም እንዲጻፍለት ነው። ኮረብታው ላይ የነበረው የታኦ እምነት ገዳም ከፈረሰ ወዲህ ያንን ስም የሚያነሳ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሰባ ዘጠኝ ሞልቶታል።

የመንደሩ ሊቀመንበር ፋን ዴፉ ግን ሌላ ሰው አዘጋጅቷል፤ የገዛ ቅድመ አያቱን፣ ጄኔራል ፋንን። ጄኔራሉ ከጦርነት ተመልሶ ታይ ቺን የፈጠረው፣ እንደ ሊቀመንበሩ አባባል፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ለዚህም የትውልድ መዝገብ አለ፤ ቀለሙ ገና እጅ ያቆሽሻል እንጂ።

«ጋሼ ሉ፣ ይተባበሩኝ እንጂ» አለ ፋን ዴፉ። «መነኩሴው ምን አስተማሩዎት? መቆምና መተንፈስ። ይሄንንማ የማርሰው ጎሽም ይችላል!»

«ነገሩ ከዚያ ነዋ የመጣው። መነኮሳቱ ቆመው ተነፈሱ። ቆይቶ እጃቸው ትንፋሻቸውን ተከተለ፤ እግራቸውም እጃቸውን። ቡጢ የሆነው ኋላ ነው።»

«ቆሞ የሚውል ሰው ለማየት ማን አውቶቡስ ይሳፈራል?»

ዳኞቹ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ሃያ የመንደሩ ሰዎች ነጭ ሐር ለብሰው፣ ባለፈው ወር ከከተማ በመጣ አሠልጣኝ የተማሩትን የጄኔራሉን ጥንታዊ ጥበብ አሳዩ። ዋናዋ ዳኛ፣ መምህርት ሼን፣ መዝገቡን ገለጠች፤ ጣቷን አየት አድርጋ በመሐረብ ጠረገች። ከዚያ ወደ ሉ ዞረች።

«አባባ፣ እርስዎ ታይ ቺ የመጣው ከመነኩሴው ነው ይላሉ አሉ። እስቲ ያስተማሩዎትን ያሳዩኝና ስማቸውን ልጻፍ።»

ለሉ ይህች ስልሳ ዓመት የጠበቃት ደቂቃ ናት። ከኮኩ ዛፍ ሥር ሄዶ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ እንስራ እንዳቀፈ ሰው እጆቹን ዘረጋ። ትንሽ ወዝወዝ ቢል እንደሚያምኑት አላጣውም። መነኩሴው ግን እጁ በራሱ ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ እንዳያንቀሳቅሰው ነበር ያስተማሩት።

አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር። ከዳኞቹ ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ፋን ዴፉ ፈገግ አለ። መምህርት ሼን ብዕሯን ከወረቀቱ ሳታነሳ ወደ ጉይኋ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?»

«ጠዋት ጀምሯል» አለች ጉይኋ። «እኔ እንኳ ሞቷል ብዬ ባልዲ ሙሉ ውሃ ብደፋበት አላቋረጠም።»