የሃሊማን ድምፅ የምታጠራው ሳጥን

ጣውንት ያላት ሴት ታድላለች። ቢያንስ ገበያ ላይ ስታገኛት ትሰድባታለች። የእኔዋ ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው፤ የት አግኝቼ ልስደባት?

ሃሊማ ትባላለች፣ አላህ ይርሐማት። የባሌ የሙባሪክ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ጅዳ ለሥራ ሄዳ እዚያው ታማ ቀረች። በሁለት ዓመቱ እኔን አገባኝ፤ ሰልሚያን፣ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የምትሸጠዋን። በስድስት ዓመት ትዳራችን ስለ እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ሌላውም ቢሆን ያው ነው። ሙባሪክ ሬድዮና ቴፕ ይጠግናል፤ ማታ ሲገባ ምላሱን ሱቁ ውስጥ ቆልፎበት የሚመጣ ነው የሚመስለው። «እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ይላል። ጎርፍ ጣሪያችንን ይዞት ቢሄድም «ደህና» ነው የሚለው።

ታዲያ ወጣቱ ሁሉ ፍላሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መዞር የጀመረበት ጊዜ ላይ፣ ከሳጥን ሥር ሦስት ካሴት አወጣ። ሃሊማ ከጅዳ በሰው እጅ የላከቻቸው ናቸው። ያኔ ስልክ እንደ ልብ ስላልነበር ዓረብ አገር ያለ ሰው ደብዳቤውን የሚልከው በድምፁ ነበር። ክሩ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል ብሎ ወልቂጤ ወሰዳቸው። እዚያ ዳምጤ የሚባል ሙዚቃ ቤት ያለው ወዳጁ ኮምፒውተር ላይ ገለበጠለት።

በዚህ ያበቃል ስል፣ ጉድ ፈላ! የቤታችን አሮጌ ኮምፒውተር ድምፅዋን ያበላሽብኛል አለ። ኮምፒውተር ድምፅን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው አሉ፤ ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ክፍሉ ደግሞ ርካሽ ነው፣ የራሱ እሽታ፣ «ሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ይገባበታል። ስለዚህ ሥራው ይሄ ብቻ የሆነ ሌላ ሳጥን በእጄ እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። በስድስት ዓመት ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይሄ ነው። እሱም ስለ እሷ ሆነ!

ሦስት ወር! በየሐሙሱ ዳምጤ ዘንድ ወልቂጤ፣ በየወሩ ለእቃ መርካቶ። የእኔን ስልክ ቻርጀር አበጅልኝ ካልኩት ዓመት አልፎታል። ያቺን የሳጥኗን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ግን በጥርስ ብሩሽ ያጥባታል፣ እፍ ይልባታል፣ በነጭ ጨርቅ ይሸፍናታል። እኔን ብርድ ልብስ አልብሶኝ ያውቃል? ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ። አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ። ገበያ ላይ ሰው በርበሬ ሲያስመዝነኝ ሐሳቤ ቤት ነው፤ ቆንጆ ድምፅ ይሆን የነበራት? ምን ብላ ይሆን የምትጠራው?

አንድ ቀን ከጠረጴዛው አጠገብ ስቆም ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ የምታብረቀርቅ ብረት አሳየኝ። «ክሪስታል ናት። ለሳጥኑ ምቱን የምትቆጥርለት እሷ ናት፤ ያለሷ አንድ ድምፅ አይወጣም» አለኝ። የነገ ሥራዬ እሷን መበየድ ነው ብሎ ወረቀት ላይ አስቀምጧት ለሰላት ወጣ።

አነሳኋት። የገበያ ብሬን እንደምቋጥረው ሻርፔ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት።

ቤቱን ገለበጠው። ምንጣፍ አራገፈ፣ በመጥረጊያ ፈለገ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ አብሬው ፈለግኩ። «አይጥ ይሆናል» አልኩት። ወልቂጤ ሄደ፤ ዳምጤም የላትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰልሚያ፣ አይተሻታል?»

«አላየሁም አልኩህ እኮ!»

«ወላሂ በይ።»

ውሸቱን እንደ ውኃ ስጠጣው ሰንብቻለሁ። ወላሂ ግን ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። በአላህ ስም? እሱን እንኳ አልደፍርም። ሻርፔን ፈታሁና ክሪስታሏን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

ምነው በጮኸብኝ! አንስቶ በነጭ ጨርቁ ጠረጋት።

«እኔ የሌለኝ ምን አላት?» ጮህኩ እኔው። «ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ አንድ ቀን በጆሮህ ሰምተኸኛል? ለሞተች ሴት ሳጥን ትሠራለህ፤ እኔ በቁሜ እየተናገርኩ ጆሮ ዳባ ልበስ! በይዳትና እኔም ሴትዮዋን ልስማት። በጆሮ ማዳመጫ አይደለም፣ በትልቁ ስፒከር! ያለበለዚያ ዛሬውኑ እናቴ ቤት ነኝ።»

በየዳት። ሽቦዎቹን ከኮምፒውተሩ ጋር ሰካክቶ ከመጨረሻው ካሴት የተገለበጠውን ከፈተ።

ሱብሃነላህ! ሴትዮዋ ቤታችን ገባች። ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ከኋላዋ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ሳህን ይጋጫል፤ የአሠሪዎቿ ማድ ቤት መሆን አለበት። በአገራችን ቋንቋ፣ በመስቃን፣ ሰላምታውን አወረደችው፤ እናቱን፣ ላሟን፣ ጎረቤቱን በየስማቸው ጠየቀች። «ሙቤ» ነው የምትለው። ሙቤ! በቅናት ደሜ ፈላ፤ እኔ አንድ ቀን ደፍሬ ያላልኩትን።

መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ይሄን እሱ በቴፕ ሲሰማው እሽታ ብቻ ነበር ብሎኛል፤ አሁን እያንዳንዱ ቃል ይለያል።

«ሙቤ፣ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። የሁሉም ሰው ካሴት ጀርባው ላይ መልስ ተቀድቶበት ተመልሶለታል። የኔ አንዱም አልተመለሰም። ጀርባውን ባዶ የተውኩት ላንተ ነው። ሌላውን ተወው፣ ድምፅህን ረሳሁት። ምን አጠፋሁ?»

ከዚያ ቧንቧው ተከፈተ፤ ቀረጻው ቆመ።

እዚያው ተቀመጥኩ። ቅናቴን ፈለግኩት፤ የለም። ይልቅ ንዴት መጣብኝ፣ ስለ እሷ ንዴት! ያቺ ሴት በሰው አገር ማድ ቤት ተደብቃ የምትለምነው እኔ በየማታው የምለምነውን ነው። ሙባሪክ ጉልበቱን አቅፎ ያለቅሳል። ሲያለቅስም ድምፅ የለውም።

«አልመለስክላትም?»

ራሱን ነቀነቀ።

«አንዱንም?»

«የካሴቱን ባዶ ጀርባ እየከፈትኩ እቀመጥ ነበር» አለ፣ ፊቱን ሳያቀና። «ቀዩዋን የመቅጃ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ክሩ ይዞራል፣ ክሩ ያልቃል። ሰው ሲጠይቀኝ መልሱ ይጠፋኛል፣ ሰልሚያ። ስወድ ይብስብኛል። ከእሷም ጋር እንደዚህ ነበርኩ፣ ካንቺም ጋር እንደዚህ ነኝ። ምን ልላት እችል ነበር?»

ከስድስት ዓመት በኋላ ባሌ አናገረኝ። እኔም እንባዬን በሻርፔ ጠረግኩ።

«አሁን ያልከኝን» አልኩት። «ይቺን ብቻ ቀድተህ ብትልክላት ይበቃት ነበር።»