ከኋላ ጎማ ሳያልፉ

ባለቤቴ «እናቴ ሥራህን ትይልህ» ብላ ጨቀጨቀችኝ። እኔም ቱሪስት የማመላልስበትን ላንድክሩዘር አጥቤ አማቴን ብቻ ይዤ ፓርኩ ገባሁ። በስምንት ዓመት አማችነት ለብቻችን ስንሆን የመጀመሪያችን ነበር፤ ተፋፍረን ስለ አየሩ ብቻ እናወራለን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ «እስቲ አቁምልኝ» አሉ። ገባኝ። መጸዳጃ ቤት ያለው መግቢያው በር ጋ ብቻ ነው። የእኛ የሹፌሮች ደንብ ግልጽ ነው፤ ለሽንት የወረደ ተሳፋሪ ከኋላ ጎማ ሳያልፍ ይቀመጣል፣ ሹፌሩ ፊት ለፊት ያያል። ለቱሪስት በቀን አሥር ጊዜ የምለፈልፈውን ለአማቴ መናገር አቃተኝ። «እዚሁ ጥጉ ጋ፣ እማማ» ብቻ አልኩና መሪውን ጨብጬ አፈጠጥኩ።

ቆዩ። በጣም ቆዩ። አማት በመስታወት አይታይም ብዬ ታገስኩ፤ በኋላ ግን ፈራሁና ዞርኩ። ጎማው ጋ ማንም የለም። ሴትዮዋ እንዳላያቸው አፍረው ሃምሳ እርምጃ ርቀው ቁጥቋጦ ጥግ ሄደዋል። ከቁጥቋጦው ማዶ አንዲት ሴት አንበሳ ጆሮዋን አጣጥፋ፣ ጭራዋን እያወናጨፈች ቆማለች። ደቦሎቿ እዚያው አሉ ማለት ነው።

ሞተር ባስነሳ አማቴ ደንግጠው ይሮጣሉ፤ ከሮጡ አለቀላቸው። «ከመኪና አትውረዱ» እያልኩ ጉሮሮዬን የጨረስኩት ሰውዬ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«እማማ፣ እንዳይሮጡ! እሷን እያዩ ወደ ኋላ ይምጡ።»

«እግሬ እምቢ አለኝ» አሉ።

ቀስ ብዬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። አንበሳዋ ስታጉረመርም ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። ክንዳቸውን ያዝኩና የኋሊት ጀመርን። አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ። አንዴ ወደ እኛ ተወርውራ ቆመች፤ በቃ ሞትን አልኩ። አልመጣችም። መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋሁና ሞተሩን አስነሳሁ።

ርቀን ከሄድን በኋላ ነው ቀሚሳቸውን ያየሁት። እስከ ታች ርሷል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ያለቅሳሉ።

«እንዲህ ሆኜ ልጄ ከምታየኝ አንበሳዋ በበላችኝ!»

መኪናውን አቆምኩ። የውሃውን ጀሪካን አንስቼ እሳቸውም ላይ፣ ወንበሩም ላይ፣ የራሴም ሱሪ ላይ ገለበጥኩት።

«ምን ነካህ?»

«ክዳኑ ላልቶ ተደፋብን፣ እማማ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አየችን። «አንተ ዝርክርክ! እናቴን ነክረህ አመጣህልኝ?»

«እኔ ነኝ የደፋሁት፤ እሱን ተይው» አሉ አማቴ። ክንዴን ይዘው ነበር፤ ቤት ገብተን እስክንቀመጥ አልለቀቁኝም።