የመምህሩ ዲናሞዎች

ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንለት ኢንድሪስ ልቡ አይረጋም። ጦርነቱ ካለቀ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ከወሎ አብረውት የመጡት ጎረቤቶቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። እሱ ግን እዚያው አስመራ፣ ዓባ ሻውል ሰፈር ብስክሌት እየጠገነ መቅረት ፈለገ። የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ዋስ ያስፈልገዋል። ሳይለምነው "እኔ ዋስ እሆንሃለሁ" ያለው ዘርአብሩክ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው፤ ደንበኛው እንጂ ዘመዱ አይደለም። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?

ይኸው መምህር በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት አሮጌ የብስክሌት መብራት ዲናሞ ከእሱ ገዛ። "ማግኔቱን ብቻ ፍታልኝ" ይላል። ብስክሌቱ አንድ፣ መብራቱም አንድ! ትናንት ደግሞ ከኪሱ ወረቀት ወደቀበት። ኢንድሪስ አንስቶ ሲያየው ክብ ነገር ተስሎበታል፤ ዙሪያውን ቀስቶች፣ ከሥሩ በትግርኛ "ፍንዳታ" የሚል ቃል። ዓመታት ሙሉ መድፍ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ይህን እንደ ዋዛ አያልፈውም። ፈንጂውን በእኔ እጅ አሠርቶ፣ ሲያዝ "ኢትዮጵያዊው ነው" ሊል ነው አለና ቀድሞ ለመናገር ወሰነ።

በማለዳ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለኃላፊዋ ለጽጌሬዳ፣ ለቀድሞዋ ታጋይ፣ ሁሉንም ዘከዘከላት። እሷም ሳትውል ሳታድር መምህሩን አስጠራችው።

ዘርአብሩክ ነገሩን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። ይዞት የመጣውን ብስክሌት ገልብጦ ጎማውን አሽከረከረና ዲናሞውን አሳረፈበት። መብራቱ ቦግ አለ፤ ጎማው ግን ወዲያው ደከመ።

"ሓፍተይ፣ ትልቅ ኮከብ ሲሞት ይፈነዳል" አላት። "መሐሉ ላይ አስመራን የምታህል፣ ብርቱ ማግኔት የሆነች ኳስ ትቀራለች፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ልትሽከረከር ትችላለች። እንደዚህ ጎማ እየዘገየች ስትሄድ ጉልበቷን ለፍንዳታው ትሰጠዋለች። የአንዳንዱ ፍንዳታ ብርሃን ከልክ ያለፈው በዚህ ሊሆን ይችላል፤ ገና አልተረጋገጠም። ሥዕሉም ማግኔቶቹም ይህንኑ ለተማሪዎቼ ለማሳየት ናቸው።"

ኢንድሪስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ዲናሞ ጎማ እንደሚያከብድ ለደንበኛ ሁሉ ሲያስረዳ የሚውለው እሱ ራሱ ነው!

ጽጌሬዳ ከመሳቢያዋ አንድ የዋስትና ቅጽ አወጣች። መምህሩ ባለፈው ሐሙስ መጥቶ ፈርሞበታል።

"ኢንድሪስ፣ የከሰስከው ዋስህን ነው" አለች። "መምህር፣ ፊርማዎን ልሰርዘው?"

ዘርአብሩክ ኢንድሪስን ትክ ብሎ አየው፤ ሳቁ ጠፍቷል።

"ኣይፋልን፣ አይሰረዝ፤ ይቆይ። እኔም በስደት ካርቱም ሳለሁ ዋስ የሆነኝ የማላውቀው ሰው ነበር።" ብስክሌቱን አቃንቶ ያዘ። "ኢንድሪስ ሓወይ፣ እዚህ ኑር። ብሽክለታዬን ግን ከእንግዲህ ሌላ ቦታ አሠራለሁ።"